አንድም እንዳትነቅዪ

ጢም አለኝ። ይኸው፣ ተናገርኩት። የወንድ ያህል አይደለም፤ አይቼ እንዳላየሁ የማልፈውም አይደለም። አገጬ ሥር በግራም በቀኝም ጥቁርና ጠንካራ ሆኖ ይበቅላል፤ ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ደግሞ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ይላል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው የጀመረኝ። ሐኪም ቤት ሄጄ "የሆርሞን ነው" ተባልኩ፤ ክኒን ሰጡኝ፣ ዋጥኩ፤ ጢሙ ግን ክኒኑን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ቤቱ ሳይነሳ፣ ፈጅር ሳልሰግድ፣ መስታወት ፊት ቆሜ ስላጭ ኖርኩ። እናቴ ታውቃለች። እንደማታውቅ ሆና ነው የምታውቀው፤ ምላጬ ሲያልቅ አዲስ ምላጭ እዚያው ቦታ ተቀምጦ አገኛለሁ፣ ማን እንዳስቀመጠው ግን በቤታችን ተወርቶ አያውቅም።

ሥራዬ የሴት ልብስ ስፌት ነው። ሸዋ ሮቢት፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሰፊ ደግሞ ልክ ሲወስድ ሰው አንገት ሥር ይገባል፤ ሜትሩን በትከሻ ሳዞር የእኔ ፊትና የደንበኛዬ ፊት አንድ ስንዝር አይራራቁም። የሮቢት ሙቀት ባለበት፣ ጠዋት የተላጨ አገጭ በላብ ታጥቦ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጠቁራል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ልክ አልወስድም። "ለምን?" ሲሉኝ "ከሰዓት ሰው በልቶ ሆዱ ይነፋል፣ ልኩ ይሳሳታል" እላለሁ። ደንበኞቼ ይህን እንደ ትልቅ ጥበብ ተቀብለው ሌሎቹን ሰፊዎች ያስተምራሉ አሉ።

ይህ ሁሉ ያስኬደኝ ነበር፤ ከዚያ ታጨሁ። እጮኛዬ ማሾና ሽንኩርት ነጋዴ ነው፣ ቤተሰቦቹ የአሊዩ አምባ ሰዎች ናቸው። ኒካሁ ከዒድ በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆረጠ። እነሱ ቤት ታዲያ አንድ ደስ የሚል ልማድ አለ፤ ለሌላ ሰው ደስ የሚል ማለቴ ነው። ከሠርጉ በፊት ባለው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የወንዱ ወገን ሴቶች መጥተው ለሙሽራዋ ሂና ይቀባሉ። ሂናው ከመጀመሩ በፊት ግን የቤተሰቡ ታላቅ ሴት ሙሽራዋን አጠገቧ ታስቀምጥና ፊቷን በቅባት ታሻታለች። በመዳፏ። ከግንባር እስከ አንገት፣ ቀስ እያለች፣ ሴቱ ሁሉ ከቦ እያየ። እጮኛዬ እናት የለውም፤ ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። እኔን የሚያሹኝ እንግዲህ እሳቸው ናቸው።

ይህን የሰማሁ ቀን እህል አልወረደልኝም። ምላጭ ዓይንን ያታልል ይሆናል፣ መዳፍን ግን በምን አታልለዋለሁ? እኚያ ሴት እጃቸው አገጬ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ሴቱ ሁሉ እርስ በርሱ ሲተያይ፣ በቁሜ ታየኝ። ሁለት ወር ተኩል ነበር የቀረኝ።

መናኸሪያው አካባቢ ፀጉር ቤት ያላት አንዲት ሴት አለች። ቤይሩት ውስጥ ብዙ ዓመት የውበት ቤት ሠርታ ስትመለስ ፀጉርን በኤሌክትሪክ መርፌ ከሥሩ የሚያጠፋ ማሽን ይዛ መጥታለች፤ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ትሠራበታለች። ይህን አንዲት ደንበኛዬ ልክ ስወስድላት በወሬ ወሬ ነገረችኝ። በማግሥቱ ሄድኩ። "አንዲት ጓደኛዬ ናት፣ እዚህ አገጯ ላይ ትንሽ ፀጉር ነገር..." ብዬ ጀመርኩ። እሷም ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ጓደኛሽ ሻርፗን ታውርድና እንያት፣ የኔ ቆንጆ" አለች።

አስረዳችኝ። ቀጭን መርፌ ፀጉሩ በሚወጣበት ቀዳዳ ይገባል፣ ኤሌክትሪኩ ሥሩን ያቃጥለዋል፣ ከዚያ በወረንጦ ስትስበው ሳይታገል ይወጣል። አንድ በአንድ። "በመሀሉ መላጨት ትችያለሽ" አለችኝ፤ "እኔ ጋ ከመምጣትሽ በፊት ግን አራት ቀን ምላጭ አታስነኪው፣ መያዣ እንዲሆነኝ። መንቀልማ፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ አንድም እንዳትነቅዪ! ከነቀልሽው ሥሩን አጣዋለሁ።" ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ "መርፌው ውስጥ እያለ ከተንቀሳቀስሽ ያቃጥልሻል፣ ጠባሳ ይተዋል። ዝም ብለሽ መተኛት ትችያለሽ?" አለች። "እችላለሁ" አልኩ። ውሸቴን ነው። እኔ ክትባት ሲወጉኝ ነርስ ገፍትሬ የሮጥኩ ሰው ነኝ።

ያም ሆኖ በሙያዬ ተማምኜ ነበር። መርፌ ጣቴን ያልወጋበት ቀን የለም፣ አሁን ይቺ ቀጭን መርፌ ምን ታመጣለች ብዬ። አቤት! መርፌው ሲገባስ ምንም አይደለም። ኤሌክትሪኩ ሲመጣ ነው ጉዱ። የጋለ ዘይት ጠብታ ከቆዳ ሥር፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ጠብ ሲል ማለት ነው፤ ይቆያል ደግሞ፣ አይቸኩልም። ሦስተኛው ፀጉር ላይ ሳላስበው አንገቴን ወዘወዝኩ። ጭስ ጭስ ሸተተኝ። መርፌዋን አስቀመጠችና "ሁለተኛ እንዲህ ካደረግሽ አልሠራልሽም፤ ያንቺን ሠርግ በጠባሳ አላበላሽም" አለችኝ። ወደ ቤት ስሄድ አገጬ ላይ የሽምብራ ግማሽ የምታህል ቀይ ምልክት ነበረች። ባጃጅ ውስጥ በስልኬ መስታወት እያየኋት አለቀስኩ። ሕመሙን እፈራለሁ፤ ስፈራ እንቀሳቀሳለሁ፤ ስንቀሳቀስ ጠባሳ ይሆናል፤ አክስቱ ጢም ባያገኙ ጠባሳ ያገኛሉ። ሌሊትና ቀን ይህንኑ ሳዞር ከረምኩ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሕመሙን የማስታግስበት ዘዴ ፍለጋ ፋርማሲ ገባሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ "የሚያደነዝዝ ቅባት አላችሁ?" አልኩት። ሰውዬው በሙሉ ድምፁ "ለምንሽ ነው? ለጥርስ ነው ለኪንታሮት?" አለኝ። ከኋላዬ አራት ሰው ቆሟል፣ አንዷ ጎረቤታችን ናት። "ለኪንታሮት" አልኩት። እስቲ አስቡት፣ ጢም አለባት ከምባል ኪንታሮት አለባት ብባል መረጥኩ። ሰውዬው አዘነልኝ፤ "ሰፊ አይደለሽ? ብዙ መቀመጥ ነው፣ ተነስ ተነስ በዪ" ብሎ መከረኝ። ቅባቱን ከቤት ተለቅልቄ ሄድኩ። ከንፈሬ ደንዝዞ "ሰላም" ማለት ሁሉ አቃተኝ፤ አገጬ ግን አልደነዘዘም። የፀጉር ቤቷ ሴት መርፌዋ ተንሸራተተባት። "ይሄ ደግሞ የምን ቅባት ነው? ዘይት እኮ ነው!" ብላ ጮኸች። ስነግራት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ እኔም በደነዘዘ ከንፈሬ ሳቅሁ። ከዚያ በሳሙና አጠበችኝና ያላንዳች ማደንዘዣ ተጀመረ።

የዳንኩት በመቁጠር ነው። የቀሚስ ጠርዝ በእጄ ስዘመዝም እቆጥራለሁ፤ በመርፌዬ አምስት ጊዜ ወጋ ወጋ አደርግና ክሩን እስባለሁ። ያን ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ቀሚስ መዘምዘም ጀመርኩ። መርፌው ሲገባ አንድ። ኤሌክትሪኩ ሲመጣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በወረንጦ ስትስበው አምስት፣ ክሩን ሳብኩ። ከንፈር ማንቀሳቀስ ክልክል ስለሆነ በጉሮሮዬ ነው የምቆጥረው። እሷም ሰምታ እጇን ከቁጥሬ ጋር አስተካከለች። በየአሥር ፀጉሩ ከጭማቂ ቤት የመጣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ አገጬ ላይ ታስቀምጥልኛለች፤ መርፌው ሲገባ አየር ወደ ውጭ አስወጪ ትለኛለች። ጠዋት ቡና ከለከለችኝ፣ ቡና ሕመም ያባብሳል ብላ። ውሃ ጠጪ፣ ብዙ ውሃ ጠጪ ትለኛለች። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ባይቀንስም መጠኑን አወቅሁት፤ አምስት ላይ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። አንገቴንም አልወዘወዝኩ።

እንዲህ እያልን ረመዳን ገባ። ጉድ ፈላ።

መጀመሪያ የተቸገርኩት በፊቴ ነው። ረመዳን ነው፣ ሰው ማታ ለተራዊሕ ሶላት ይገናኛል፣ ጎረቤት ይጠያየቃል፤ እኔ ደግሞ በየሳምንቱ አራት አራት ቀን ጢሜን አሳድጋለሁ። ምን ላድርግ? ከዓይኔ በታች በጥቁር ሻርፕ ሸፈንኩ። ሰፈሩ ታዲያ "ማሻአላህ፣ ልጅቷ በረመዳን ልቧ ተመለሰ" አለ። አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ አስቁመው መረቁኝ። ይባስ ብሎ ወሬው አሊዩ አምባ ደረሰና የእጮኛዬ አክስት ጥሩ የፊት መሸፈኛ ላኩልኝ፤ "ሰምቼ ደስ ብሎኛል፣ አላህ ያጽናሽ በሏት" ብለው። ያ አላህ! እኔ የተሸፈንኩት ጢም ለማሳደግ ነው እኮ። ስጦታውን ስቀበል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ባሰ። ጾመኛ ሆኜ የሕመም ማስታገሻ ክኒን አልውጥም፣ ውሃ አልጠጣም። ሳይነጋ፣ ሱሑር ላይ የጠጣሁትን የሮቢት ፀሐይ እስከ ስድስት ሰዓት ጨርሳዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት ቀጠሮዬ ስተኛ በረዶው ቀልጦ ወደ ከንፈሬ ጥግ ወረደ፤ ጠብታው ይገባል አይገባም፣ ጾሜ ይበላሻል አይበላሽም እያልኩ ቁጥሬ ጠፋብኝ። መርፌውም ሌላ ሆነ። ሦስትና አራት ብዬ አምስት ስል አያልቅም፤ ፀጉሩ አይለቅም፣ እንደመነቀል እየታገለ ነው የሚወጣው። ጉልበቱን ጨመረችው። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩ። እንደገና ልትጨምር እጇን ዘረጋችና ተወችው።

"ቆዳሽ ደርቋል" አለችኝ። "ይሄ ማሽን የሚሠራው በእርጥበት ነው። ሥሩ ጋ ውሃ ከሌለ በጉልበት ላቃጥል ነው፣ እሱን ደግሞ አላደርገውም። ከጾሙ በኋላ ነይ።"

"ከጾሙ በኋላማ ሂናው ነው!" አልኩ፣ ጮኼ ሳይሆን አይቀርም። ማታ አፍጥሬ ልምጣ ብላት፣ በዚያ ሰዓት መብራት አይታመንም፣ መሀል ላይ ጠፍቶ ጉድ እንሆናለን አለች።

እየተቃጠልኩ ወጣሁ። የታመመ ሰው ጾም ይፈታል፣ በኋላ ይከፍላል፤ ይህን አውቃለሁ። ጢም በሽታ ነው? ማንን ልጠይቅ? መጠየቅ ራሱ መናገር ነው። ሻርፔን እስከ ዓይኔ ስቤ በአስፋልቱ ዳር ስሄድ አንዷ ደግሞ "አላህ ይቀበልሽ" ስትለኝ በንዴት ልመልስላት ነበር።

ከዚያ የወር አበባዬ መጣ። ሴት በወር አበባዋ አትጾምም፤ ውሃ መጠጣትም ክኒን መዋጥም የምችለው በእነዚያ ቀናት ብቻ ነው። በሌላ ጊዜ የማማርረውን ነገር አልሐምዱሊላህ ብዬ ተቀበልኩት። የፀጉር ቤቷ ሴት ግን ስደውልላት "እንዴ! በዚያ ሰሞን አትምጪ ብዬሻለሁ እኮ፤ ያኔ ቆዳው ሁሉ ነርቭ ነው፣ እጥፍ ነው የሚያምሽ" አለች። "ወይ ደርቄ ልቃጠል ወይ ረጥቤ እጥፍ ልታመም ነው፤ እጥፉን መርጫለሁ" አልኳት። በመጨረሻ "ጠዋት ነይ፣ በልተሽ፣ ማስታገሻውን ከመምጣትሽ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ዋጪ" አለችኝ።

ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ነበርና እሷም ጾመኛ ናት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አትቀምስም። የኋላዋን በር ዘግታ አንድ ጆግ ውሃ አቀረበችልኝ። "ጠጪ እንግዲህ፣ ዛሬ የምትጠጪው አንቺ ብቻ ነሽ" አለች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እየተሳቀቅሁ ጠጣሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ መርፌው ሥር ተኛሁ። የአገጬስ ይሁን፤ ከአፍንጫዬ በታች ያለው ቦታ ላይ ስትደርስ ዓይኔ ራሱ አልታዘዝ አለ፤ እንባው እየፈሰሰ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። በመሀሉ መብራት ጠፋ። መጀመሪያ ተመስገን አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ባይመለስስ ብዬ ልቤ ተሸበረ። መብራት እንዲመጣና እንዲያቃጥለኝ ዱዓ ያደረግሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። መጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስንት ቀሚስ እንደዘመዘምኩ አላውቅም። መርፌዋን ስታስቀምጥ ቀና አልኩ።

"አለቀ?" አልኳት።

"ለአሁኑ አለቀ። ፀጉር ግን ተራ አለው፤ ዛሬ ያልታየው ከሳምንት በኋላ ብቅ ይላል። ዓመትና ከዚያም በላይ ትመላለሻለሽ። ለሂናው ቀን አንዳንድ ካየሽ በመቀስ ከሥሩ ቁረጪ። እሬት ቀቢበት፣ ቅርፊቱን አትቧጭሪ። መንቀል ግን..."

"አንድም አልነቅልም" አልኳት።

ዒዱ አለፈ፣ የሂናው ቀን ደረሰ። ጠዋት መስታወት ይዤ ጓሮ ፀሐይ ላይ ወጣሁ። ቅርፊቱ ረግፏል፣ ነጠብጣብ ቅላት ብቻ ቀርቷል። አራት ፀጉር አገኘሁ፣ አራቱንም በመቀስ ቆረጥኩ። አምስት ጊዜ ተመለስኩና አየሁ። እናቴ በበሩ አልፋ አየችኝና የጓሮውን በር ገርበብ አድርጋልኝ ሄደች። ስምንት ሰዓት ላይ መኪናቸው ደጃችን ቆመ።

አክስቱ ረጅም ሴት ናቸው፣ እጃቸው ሰፊ ነው፣ የእርሻና የንግድ እጅ። ቤቱ በሴት ሞላ። "ነይ እዚህ፣ ልጄ" ብለው ምንጣፉ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ቅባቱን በመዳፋቸው አሙቀው ከግንባሬ ጀመሩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አፍንጫዬን። እጃቸው ለስላሳ ነበር፣ አላሳመመኝም፤ እኔ ግን ሰውነቴ ሁሉ ድርቅ ብሎ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

"ምን ትያለሽ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ቁጥር ነው፣ እትዬ።"

አውራ ጣታቸው አገጬን አልፎ በቀኝ በኩል ከመንጋጋዬ ሥር፣ ጆሮዬ አጠገብ ደረሰና ቆመ። ተመለሰ። እንደገና እዚያው ቆመ። ወላሂ አራት ማለቱን ረሳሁት። እዚያ ቦታ አላየሁም ነበር፤ መስታወቱን በዚያ በኩል አላዞርኩትም። አክስቱ ግንባሬን ሊስሙ መስለው ጎንበስ አሉና በጆሮዬ "አንዲት አምልጣሻለች" አሉኝ። ከዚያ በሁለት ጥፍራቸው ያዟትና፣ ነቅ! ማንም አላየም። ቀና ብለው በትልቅ ድምፅ "ማሻአላህ! ፊቷ እንደ ሐር!" አሉ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

አለቀስኩ። በመርፌው ሥር ይዤው የነበረው ሁሉ አንድ ላይ መጣ። ሴቶቹ ከእናቷ መለየቷ ነው ብለው አባበሉኝ። አክስቱ ብቻ አላባበሉኝም። በጩኸቱ መሀል ቅባት የነካ እጃቸው ጣቴን ያዘና ሻርፓቸው ሥር፣ አገጫቸው ላይ አስቀመጠው። ምላጭ ከነካው ሦስት ቀን የሆነው ጢም ነው። ስምንት ዓመት የማውቀው ነገር አይደል፣ ጣቴ ወዲያው አወቀው።

"እኔን እንዲህ ዳስሶ 'አንዲት አምልጣሻለች' የሚለኝ ሰው አልነበረኝም" አሉኝ።

ከሠርጉ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ወደ መናኸሪያው ፀጉር ቤት ተመለስኩ። ሴትዮዋ መብራቷን ወደ መንጋጋዬ አስጠግታ አየችኝና "ይቺ ጋ ሥሩ የለም። አንድም እንዳትነቅዪ አላልኩሽም? ማን ነቀላት?" ብላ ተቆጣች።

"የባሌ አክስት" አልኳት። "ውጭ ተቀምጠዋል። ቀጣዩ ተራ የእሳቸው ነው።"

ገቡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ብቻ ቁጢጥ አሉ፤ እኚያ ትልቅ ሴት። ሻርፓቸውን ለማውረድ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። መርፌዋን ሲያዩ ወደ እኔ ዞረው "ያምማል?" አሉኝ።

"በጣም ያምማል፣ እትዬ" አልኳቸው። "እስከ አምስት ነው። እኔ እቆጥርልዎታለሁ።"

በረዶውን በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩና አንድ አልኩ።